ሚሊዮን ቴስታ ቤቱ የገባበት በጋ

መስከረም 13 ቀን 2017፣ ሰኞ

ትምህርት ተጀመረ። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ስሜን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ሳልጨርስ አንዱ ከኋላ «የቴስታ ሚስት ናት» አለና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቦንጋ ውስጥ ሠናይት ብሎ የሚጠራኝ ሰው እየጠፋ ነው። ሚሊዮን ለከተማችን ቡድን ከፈረመ ወዲህ የባጃጅ ሾፌሩም፣ የባንኩ ጥበቃም፣ ርዕሰ መምህሩም የሚጠይቁኝ ስለ እሱ ብቻ ነው። ከጂማ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ካርቱም፣ ኦማን፣ ባስራ፣ ዳካ፣ ናይሮቢ ሲዞር የኖረ ተከላካይ፣ ልጅ ሆኖ ኳስ በጀመረበት ሜዳ ሊጨርስ መጣ ይላሉ። አምበልም አድርገውታል። ከማዕዘን የሚሻገር ኳስ እሱ ባለበት መሬት አይነካም፤ በቴስታ ነው የሚያወጣው። ስሙም ከዚያ መጣ።

የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ባሌ የሄደበትን አገር ሁሉ ዝናብና ሙቀት በቃሌ አውቃለሁ። እኔ ራሴ የረገጥኩት አንድም የለም። ልጃችን ሶሲ ስትወለድ ዳካ ነበር። ስትራመድም በስልክ ነው ያያት። አሁን ግን ቤት ነው። በር ሲንኳኳ እሱ ነው፣ ጓሮ ሲያፏጭ የሚሰማኝ እሱ ነው።

ደስ ብሎኛል። ይኼን ጽፌ ላስቀምጠው፤ በኋላ አልነበረም እንዳልል።


መስከረም 17፣ ዓርብ

በዕረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል።

ጠዋት ቁልፍ ጠፋ ብሎ ቤቱን ገለባበጠው። ቁልፉ በሩ ላይ እንደተሰካ ነበር። «አንቺ ነሽ እዚያ ያደረግሽው» አለኝ። እሺ አልኩት። ዕድሜውን ሆቴልና ካምፕ የኖረ ሰው ነው፤ ቤት ይለምዳል።

ደወል ተደወለ።


መስከረም 23፣ ሐሙስ

ማታ ስልኩ ጠራ። ይዞት ጓሮ ወጣ። በዓረብኛ እየሳቀ ሲያወራ ሰማሁት። ሲመለስ «ማነው?» አልኩት። «ማንም» አለ።

ስልኩን ትራሱ ሥር ነው የሚያስቀምጠው። አንድ ቀን እንደ ዋዛ አንስቼ ሰዓት ልይበት ስል ነጥቆኛል። ብርቅዬ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ሒሳብ የምታርመው ጓደኛዬ፣ «ኦማን ሌላ ቤት ሳይኖረው አይቀርም፤ ዝም ብለሽ አትቀመጪ፣ አጣሪ» ብላኛለች። ምን ብዬ ነው የማጣራው? ዓረብኛ አልችል።

የተናገርኩትን ሁለት ጊዜ ያስደግመኛል። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ላለ ሰው ምን ይባላል?


ጥቅምት 3፣ እሑድ

የመጀመሪያው ጨዋታ። አሸነፍን!

ሶሲና እኔ ከደጋፊው መሀል ተቀምጠን ነበር። ሜዳው ጭቃ ነው፤ ኳሱ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። እንግዶቹ ረጅም ረጅሙን ያሻግራሉ፣ ሚሊዮን እየዘለለ በግንባሩ ይመልሳል። ድምፁ እኛ ጋ ድረስ ይሰማል፤ በር በጡጫ እንደሚመታ ነው። በመለሰ ቁጥር ሕዝቡ «ቴስታ!» ይላል። ሶሲ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች።

የገረመኝ ሌላ ነው። ሜዳ ላይ ምንም አይጠፋበትም። ማን የት እንደቆመ፣ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ ሳያይ ያውቃል። ልጆቹን በእጁ እየጠቆመ እንደ ከብት ሲነዳቸው አይቶ፣ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ አዛብቶ ቆልፎ የወጣው ያው ሰው ነው ብሎ ማን ያምናል?

ስለዚህ ምንም የለበትም። ደክሞት ነው። ወይም ቤቱ ነው የሰለቸው።


ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ንጋት ላይ ታኬታውን በቦርሳ ይዞ ወጣ። ልምምድ አልነበረም። ገበያ ስወርድ የስታዲየሙ ዘበኛ አስቆመኝ፤ «ቲቸር፣ ጋሽ ሚሊዮን ከማለዳ ጀምሮ በሩ ላይ ቆመው ዝናብ መታቸው። ዛሬ ሰው የለም ብላቸው ተቆጡኝ» አለኝ።

ቤት መጥቶ «አሰልጣኙ ቀኑን ለውጦብኝ ነው» አለ። ፎጣ ሰጠሁት። ፀጉሩን እያደረቀ በካፊኖኖ አወራኝ፤ ረጅም ነገር። እኔ የማውቀው የገበያ ያህል ነው፤ የአያቶቼ ቋንቋ አማርኛ እንደሆነ ያውቃል። እናቱን እንጂ እኔን በዚያ ቋንቋ አውርቶኝ አያውቅም። እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል።

«ምን አልክ?» አልኩት።

«ምንም። ራሴን ያመኛል» አለኝ በአማርኛ።


ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

አፈርኩ።

ሶሲ የቤት ሥራዋን እየሠራች አባቷ ስልኩን ሰጣት። በጣቷ ነካክታ ከፍታ መለሰችለት። «የአባትሽን ስልክ መክፈቻ ቁጥር ማን ነገረሽ?» አልኳት፣ እሱ ሲወጣ።

«እኔ ነኛ የምከፍትለት። እሱ ይረሳዋል። ለእማዬ አትንገሪ ብሎኛል» አለች። ወዲያው እጇን አፏ ላይ አደረገች።

የደወለለትንም ሰው ነገረችኝ። ኦማን አብሮት የተጫወተ በረኛ ነው፤ አሁን ሙስካት ታክሲ ይነዳል። በቪዲዮ ሲያወሩ ለእሷም እጁን ያውለበልብላታል።

ሴት ቢሆን ይሻል ነበር? ምን ዓይነት ሐሳብ ነው የማስበው።


ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ዛሬ ረጅም እጅጌ ለብሼ ነው ያስተማርኩት። ብርቅዬ «በዚህ ሙቀት?» አለችኝ። ብርድ ብርድ ብሎኛል አልኳት። እጄን በር ቀርቅሮኝ ነው። ሶሲ ተኝታ ነበር፤ ምንም አላየችም።

እሱም ጠዋት አይቶት «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ቅባት ቀባልኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።


ኅዳር 8፣ እሑድ

ትናንት የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

በዋጫ ከተማ የትምህርት ቤቶች ውድድር ፍጻሜ ነበር፤ ዋንጫ እንዲሰጥላቸው ሚሊዮንን በክብር እንግድነት ጠሩት። ሶሲ እኔም ልሂድ ብላ ለመነች። ከአባቷ ጋር ብቻቸውን የትም ሄደው ስለማያውቁ ደስ አለኝ። አዲሱን ቀሚሷን አለበስኳትና መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው።

አመሻሽ ላይ ብቻውን ገባ። ጫማውን አወለቀ፣ ተቀመጠ፣ «የሚበላ አለ?» አለ። ሶሲ ከኋላ እየመጣች መስሎኝ በሩን አየሁ።

«ሶሲስ?»

«ሶሲ ምን?»

«የታለች?»

«ትምህርት ቤት አይደለችም?»

ቅዳሜ ነበር። ጮህኩበት፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። «ይዣት ነበር?» አለኝ። «ሠኒ፣ እኔ ነኝ የያዝኳት?»

ያኔ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር፣ የትልቅ ሴት ድምፅ።

«የሶሲ እናት ነሽ? ይመኙሻል እባላለሁ። ሺሺንዳ መናኸሪያው በር ላይ ሙዝ እሸጣለሁ። ልጅሽ እኔ ጋ ናት። አይዞሽ፣ አታልቅሺ፤ በልታለች። ቁጥርሽን እሷ ናት የነገረችኝ።»

የጎረቤት መኪና ለምኜ በዋጫ መንገድ ላይ ወዳለችው ሺሺንዳ ሄድኩ። ሚሊዮን አብሬ ልምጣ ብሎ በሩን ሲይዝ «አንተ እዚሁ ሁን!» ብዬ እጁን አስለቀቅሁት። መንገዱን ሙሉ ስለ ልጄ አሰብኩ፤ ስለ እሱ ግን እጁ ከበሩ ሲላቀቅ የተሰማኝን ብቻ።

እትዬ ይመኙሻል ሱቃቸውን ዘግተው ቤታቸው አስገብተዋት ነበር። በወፍራም ፎጣ ጠቅልለዋት ቆጮ ትበላለች። አቅፌያት ሳለቅስ እትዬ ይመኙሻል ትከሻዬን ያዙ። ስወጣ በር ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ «ባልሽ ይጠጣል እንዴ?» አሉኝ።

«አይጠጡም» አልኩ። ባሌን ለሌላ ሰው አንቱ ስል ራሴን ሰማሁት።

መኪና ውስጥ ሶሲ እንዲህ ብላ ነገረችኝ። «ስንመለስ መኪናው ሲቆም ሙዝ ልግዛልሽ ብሎ ወረደ። እኔም ወረድኩ። ሰዎች ቴስታ ቴስታ እያሉ ከበቡት፤ ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ሌላ ሚኒባስ መጣና አባዬ ገባበት። ጠራሁት። በመስኮት አየኝ እኮ እማዬ። እንደ ሌሎቹ ልጆች እጁን አውለበለበልኝ።»

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።


ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ሶሲ አባቷ አጠገብ አትቀመጥም። እሱም አይጠራትም። እራት ላይ ሦስታችንም ሳህናችንን እናያለን።

ጂማ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አስይዣለሁ። ለትምህርት ቤቱ «የቤተሰብ ጉዳይ» አልኩ።


ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ከጂማ ተመለስን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እሱም ሚሊዮንን ያውቀዋል። እሱ ልጅ ሳለ ሚሊዮን ጂማ ሲጫወት ግንብ ላይ ወጥቶ እንዳየው ነገረው። ሚሊዮን ፈካ፤ ስለ እያንዳንዱ አገር አወራለት። ኦማን የቡድኑ አለቃ የሰጠውን ፍየል፣ ዳካ ሜዳው በጎርፍ ተውጦ በጀልባ ለልምምድ የሄዱበትን ቀን፣ ካርቱም አሸዋ እየነፈሰ ኳሱ የት እንዳለ በድምፅ የለየበትን። ባስራ ላይ ከአጥቂ ጋር ተጋጭቶ ራሱን ስቶ መውደቁን ሳይቀር እየሳቀ ተናገረ። «በቃሬዛ አወጡኝ። ስነቃ ማልያዬ በደም ርሶ ነበር። በዚያው ሳምንት ተሰለፍኩ!»

ሐኪሙ አልሳቀም። «ስንት ጊዜ እንዲህ ሆነዋል?»

«ይኼማ ሥራዬ ነው ዶክተር።»

ከዚያ ሦስት ቃል ነገረውና ትንሽ ቆይቶ ጠየቀው። በሬ፣ መስኮት፣ ሎሚ። ሚሊዮን «በሬ» ብሎ አቆመ። ወደ እኔ ዞረ። ፈተና ላይ መልስ የሚለምን ተማሪ እንዴት እንደሚያይ አውቃለሁ። ዓይኔን ወደ መሬት አደረግሁ።

ጭንቅላቱን በማሽን አነሡት። ማታውኑ ሐኪሙ ለብቻዬ አስጠራኝና አንጎሉ መመንመን ጀምሯል አለኝ፤ በዚህ ዕድሜ መሆን ያልነበረበት። «ለዓመታት ከደረሰበት መመታት የመጣ ነው የሚመስለኝ። አዲስ አበባ ሄዳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የሚያድን መድኃኒት አለ ብዬ ግን አልዋሽሽም። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከእንግዲህ ኳስ በጭንቅላቱ እንዳይነካ። አንድም ጊዜ።»

በአውቶቡስ ስንመለስ ጎጀብ ወንዝን አለፍን። ከዚያ «እብድ ነው አለሽ?» አለኝ።

«አላለም። ታምመሃል ነው ያለው።»

«ለሰው አትንገሪ።»

«እሺ» አልኩት። ቶሎ ነው እሺ ያልኩት።


ኅዳር 22፣ እሑድ

ለቡድኑ ጉልበቴን አሞኛል ብሏል። ያለ እሱ ተሸነፉ። ቤት ቁጭ ብሎ የሕዝቡን ድምፅ ከሜዳው ያዳምጥ ነበር። እንግዶቹ ሲያገቡ ያለውን ጸጥታ እኔም ሰማሁት። «በቀኝ በኩል ነው የገባው፤ ያ ልጅ ሁልጊዜ ይዘገያል» አለ። በኋላ እንደሰማሁት በቀኝ በኩል ነበር።


ኅዳር 27፣ ዓርብ

አቶ በዛብህ መጡ። የቡድኑ መሪ ናቸው፤ ለዚህ ቡድን ሲሉ የራሳቸውን ሥራ እንደተዉ ሁሉም ያውቃል። ክፉ ሰው አይደሉም።

እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ሁሉንም እሰማለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ የዙሩ መጨረሻ ነው፣ ከተሸነፍን እንወርዳለን፣ ልጆቹ ፈርተዋል አሉ። «መሮጥ የለብህም። ቁምላቸው ብቻ። አንተ ቆመህ ካዩህ ይበቃቸዋል።»

ሚሊዮን ጮክ ብሎ «ሠኒ! ምን ትያለሽ?» አለ።

ቢላዋውን ይዤ ቆምኩ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን በዚያ ድምፁ ውስጥ ከሺሺንዳ ወዲህ ያልሰማሁት ነገር ነበር፤ ጠዋት ታኬታውን ሲጠርግ የሚያፏጨው ሰውዬ ነበር። ያንን ሰውዬ ማየት ፈለግሁ። ደግሞም ሰው በመስኮታችን ሲያልፍ «ምስኪን» እንዲል አልፈለግሁም።

«ጉልበትህ ከተሻለህ አንተ ታውቃለህ» አልኩ።

ሽንኩርቱን እስክጨርስ ዓይኔን አልጠረግሁም።


ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ፈተና አርማለሁ። ጊዜ የለኝም። ቴስታ እንዳትሞክር ብዬዋለሁ። እሺ ብሎኛል። በእግር ብቻ። ምሎልኛል።


ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ሚሊዮን ተኝቷል።

ትናንት ሜዳው ሞልቶ አጥር ላይ ሁሉ ሰው ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ቃሉን ጠበቀ፤ ኳስ ሲሻገር ወደ ኋላ ይልና ሌላው ይዘልላል። ደጋፊው ማጉረምረም ጀመረ። ከኋላዬ አንዱ «ምነው ዛሬ ግንባሩን ለሠርግ አስቀመጠው?» ሲል ሰዎች ሳቁ። ከዕረፍት በኋላ አንድ ከባድ ኳስ መጣ፤ ቀና ብሎ ሲያየው ሰውነቱ ራሱ ተነሣ። መታው። ሕዝቡ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ የመጣውን ሁሉ መታ። እኔ ቦርሳዬን ጨምድጄ ይዤ ነበር። አልጮህኩም፣ አልወረድኩም።

ባዶ ለባዶ ሆኖ ሊያልቅ ሲል ማዕዘን ምት አገኘን። ረጃጅሞቹ በሙሉ ለማግባት ወደ እንግዶቹ ግብ ሄዱ፤ ሚሊዮንም ሄደ። ኳሱ ተሻገረ። አጥቂያችን ጥሩ አድርጎ መታው፤ በረኛው ወድቋል፤ ኳሱ ወደ ባዶ ግብ ይሄዳል። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ።

ሚሊዮን የግቡ መስመር ላይ ቆሞ ነበር። ዘለለና በቴስታ አወጣው።

በሕይወቱ ካወጣቸው ሁሉ እንደዚያ ያማረ የለም። ከዚያ ሁለት እጁን አንስቶ፣ በዓረብኛ እየጮኸ፣ የእንግዶቹን ተከላካዮች ከግቡ ወደ ፊት እንዲወጡ መግፋት ጀመረ። እነሱ ደግሞ ግራ ገብቷቸው ያዩታል።

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ከላይ በኩል አንድ ሰው «ሸጠን!» አለ። ቃሉ እሳት ሆነ። «ሸጠን! ስንት በላህ? ሌባ!» የውሃ ላስቲክ መወርወር ተጀመረ። አንዱ ትከሻው ላይ መታው፤ ከየት እንደመጣ ዞሮ ፈለገ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። አጥሩን ያስከፈተልኝ ዘበኛው ነው። ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ወደ እኔ መጣ፤ አልፌው ሄድኩ። ሚሊዮን ጋ ስደርስ እጁን ያዝኩት። አየኝ። ፊቱ በደስታ በራ።

«ሠኒ! አንቺ እዚህ አገር መቼ መጣሽ?»

«አሁን ነው የመጣሁት» አልኩት። «ና፣ እንሂድ።»

እሺ ብሎ ተከተለኝ። ከተማው በሙሉ እያየን ወጣን። ሶሲ በሩ ላይ ብርቅዬን ይዛ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። አባቷ ትከሻ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በእጇ ጠረገችለት።


ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ሻይ ቤቱ በር ላይ ሳልፍ ሰማሁ። «ይኼ ሁሉ አገር ዞሮ መጥቶ እኛን ሸጠን።» ቤታችን ግድግዳ ላይ በከሰል አንድ ቃል ጽፈውብናል። ሚሊዮን ሳይነሣ በውሃ አጠብኩት። አልለቅ አለ፤ ጭቃ ቀባሁበት።


ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

ከልምምድ በፊት ወደ ቡድኑ ቢሮ ሄድኩ። አቶ በዛብህ፣ አሰልጣኙና ተጫዋቾቹ ነበሩ። እንድቀመጥ ወንበር ሰጡኝ፤ ቆሜ ተናገርኩ። ስለ ጂማ፣ ስለ ሺሺንዳ፣ ስለ ስልኩ ቁጥር፣ በር ነው ብዬ ስለዋሸሁት እጄም። እጅጌዬን ሰብስቤ አሳየኋቸው፤ ምልክቱ ጠፍቶ ነበር፣ ግን አሳየኋቸው።

የሚሊዮን ቴስታ የከለከለው ጎል ያንን አጥቂ ጀግና ያደርገው ነበር። እሱ ልጅ ነው መጀመሪያ ያለቀሰው።

አቶ በዛብህ ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን ያን ቀን አልነገርሽንም ቲቸር?»

«ብነግርዎት ኖሮ አያሰልፉትም ነበር?»

እንዲህ ብዬ አፋቸውን አስያዝኩ፤ ግን ወጥ ቤት ቆሜ ቢላዋ ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አይደሉም። ጉልበቱ ምንም እንዳልሆነ አላወቁም። እኔ አውቅ ነበር።

ለሰው አትንገሪ ብሎኝ ነበር። ሌባ ከሚሉት ታመመ ቢሉት ይሻላል ብዬ ነው የተናገርኩት። እሱ ቢጠየቅ ግን የቱን ይመርጥ እንደነበር አላውቅም።


ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

አሁን ሰው ሲያየን ድምፁን ይቀንሳል። ፍራፍሬ ያመጣሉ፣ ማር ያመጣሉ። በር ላይ ሆነው አንገታቸውን አዘንብለው ያዩታል። ትናንት አንዷ «እንደ ሕፃን ሆነ አይደል?» አለችኝ፣ እሱ እየሰማ። ማሩን መለስኩላት።

ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነሣል። ታኬታውን አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። «አውቶቡሱ መቼ ነው የሚመጣው?» ይለኛል።

«ዛሬ በዝናብ ምክንያት ተሰርዟል» እለዋለሁ።

ደረቅ ፀሐይ ነው። መስኮቱን አያይም፤ ያምነኛል።


ታኅሣሥ 30፣ ረቡዕ

ገና አለፈ። ዛሬም ሰረዝኩበት። ተከፋ፤ «በዚህ አገር ዝናቡ አያባራም እንዴ?» አለ። ሶሲ ከክፍሏ በር ላይ ቆማ አየችኝ። የኔን ውሸት የምታይበት ዓይን ከሺሺንዳ በኋላ አባቷን ታይበት የነበረው ዓይን ነው።


ጥር 5፣ ሰኞ

ጠዋት ያው ነበር። ታኬታው፣ የአልጋው ጫፍ።

«አውቶቡሱ መቼ ነው?»

ዝናብ ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አውቶቡስ የለም ሚሊዮን። ጨዋታ የለም። አቁመሃል። ጭንቅላትህ በጣም ስለተጎዳ ከእንግዲህ አትጫወትም።»

እግሩን አየ። ይጮኻል ብዬ ፈራሁ፤ እጄን ወደ ኋላ ደበቅሁ። አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያዎቹን ፈታ፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱን አቀናጅቶ ወለሉ ላይ አቆማቸው።

«ታዲያ ምን ልሥራ?» አለኝ።

ክፍሌ ውስጥ ተማሪ ጠይቆኝ መልስ አጥቼ አላውቅም።

ሶሲ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አዝላ በሩ ላይ ነበረች። ምን ያህል እንደቆመች አላውቅም።

«እኔን ትምህርት ቤት አድርሰኝ» አለችው።

ወደ እኔ አየ፤ ፈቃድ ይጠይቃል። ልጄን ከእሱ ጋር ከሺሺንዳው ቀን ወዲህ ጓሮ እንኳ ብቻቸውን ትቼ አላውቅም። እሷ ግን ሄዳ ሸራ ጫማውን አመጣችለት፣ ተንበርክካ አሰረችለት፣ እጁን ያዘች። «በዚህ በኩል ነው አባዬ» እያለችው ወጡ።

ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብ አድርጌ ከኋላ ተከተልኩ። ቁልቁለቱን ወረዱ፣ በፋርማሲው በኩል ታጠፉ። ትናገራለች፤ አንዳንዴ ይስቃል። የባጃጅ ሾፌር «ቴስታ!» ሲለው እጁን አነሣ። አስፋልቱን ሲሻገሩ አቆማት፣ ግራና ቀኝ አየ፣ በክንዱ ከደረቱ አስጠግቶ አሻገራት። ይኼን ማንም አላስተማረውም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሶሲ አንገቱን አቅፋ ሳመችው። ገባች። ግቢው ውስጥ ሆና ወደ ኋላ ዞራ እጇን አውለበለበች። ዞር ብዬ ስሸሸግ እኔንም ሳታየኝ አልቀረችም።

ሚሊዮን እስክትጠፋ አይቷት ቆመ። ከዚያ መንገዱን ቁልቁልም ሽቅብም አየ። ልጆች እየሮጡ በአጠገቡ ያልፋሉ። ልጠራው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ትከሻውን ቀና አድርጎ፣ እንደሚያውቅ ሰው፣ መራመድ ጀመረ። ወደ ግራ ዞረ።

ቤታችን በቀኝ ነው።

አልጠራሁትም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜዬ ተደውሏል፤ ዘጠነኛዎቹ እየጠበቁኝ ነበር። ነጠላዬን አጥብቄ ይዤ ከኋላው ሄድኩ።